በሐሳብ የሚከፈት በር

እኔ የምለው፣ «አታስብ» ተብሎ ሳያስብ የቀረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ካርቱም ላይ ሞክሬ ጉድ ልሆን ነበር።

ጊዜው የአብዮቱ ሰሞን ነው። መንገዱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፣ ወታደር ቤት ለቤት ይፈትሻል። እኔ ደግሞ ኢቃማ የለኝም። መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ከተያዘ መጀመሪያ እስር ቤት ነው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ድንበር። ታዲያ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ቆሜ የቀን ሥራ ስጠብቅ ኢሕሳን የምትባል መሐንዲስ መጣችና፣ መሸከም የለም፣ ቁጭ ማለት ብቻ ነው አለችኝ። ትከሻዬን ትቶ ጭንቅላቴን የሚቀጥር ይመጣል ብዬ መቼ አስቤ!

አርካዊት ሰፈር፣ ቤቷ ወሰደችኝ። ወንድሟ ሰልፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ የሚባል ሰፈር አክስቱ ቤት ተኝቷል፤ እሷ ክፍል እየሠራችለት ነው። ሽቦ የበዛበት ቆብ ታጠልቅና በሐሳብ ታዛለህ። ቀኝ እጅህን ስትጨብጥ ካሰብክ ማራገቢያው ይዞራል፤ ግራውን ካሰብክ የመንገዱ በር ይከፈታል። እሱ እስኪመጣ የምሞክርለት እኔ ነኝ።

አጠለቅሁ። ማራገቢያው ዞረ! ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ይሄ ነገር እጄን ካወቀ ኢቃማ እንደሌለኝስ?

በሩ ተደበደበ። ፍተሻ! ኢሕሳን ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ዝም ካልናቸው ያልፋሉ፣ ወላሂ ግራ እጅህን እንዳታስብ አለችኝ። ምን ነካት? ባትነግረኝ እኮ ረስቼው ነበር! ስለ ማርያም አሰብኩ። ስለ ሽሮ አሰብኩ። ሽሮ በየትኛው እጅ ነው የሚበላው? በቀኝ። ግራውስ? በቃ፣ በሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ አስተናጋጅ ወለል አለ።

ወታደሩ ገባ። «ኢቃማ!» አለኝ።  የሌለኝን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ስፈልግ ዓይኑ የሽቦው ቆብ ላይ ዐረፈ። ይሄ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

«የሰው ሐሳብ ያነባል» አለች ኢሕሳን፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። ከራሴ ላይ አውልቃ ዘረጋችለት። «ያላ፣ አንተም ሞክረው።»

ወታደሩ የራሱን ቆብ እንዳታወልቅበት በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ያን ሰሞን ወታደር በሆዱ ከመንግሥት ይሁን ከሰልፈኛው ማን ያውቃል? ኢቃማዬን ረስቶ፣ ወደ ኋላው እየረገጠ ወጣ።

ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ? ያን ቀን ለሁለት እናቶች ሁለት ፈሪ ተረፈ።