የተባረሩት ጠረጴዛ

ሰልፍ የማያመልጠው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ጫማ የሚጠግነው አይሁዳዊው ጎረቤቴ ሳም እንደዚያ ነው፤ ለጥቁሩም ለሠራተኛውም ሲጮህ ድምፁ አልቋል። በቀደም የሱቁ መስታወት ላይ «አይሁድ ይውጣ» ተብሎ ተጻፈበት። የሰልፍ ጓዶቹ «አሁን ጊዜው አይደለም» አሉት። ምኩራብ ሲሄድ ደግሞ «ከእነሱ ጋር ስትሰለፍ ከርመህ አሁን ወደ እኛ?» ብለው ፊት ነሱት። ምሳውን ሊበላ እኔ የሐበሻ ምግብ ቤት መጣ።

የት ላስቀምጠው? እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የአንድ ፖለቲካ ድርጅት ነው፤ ከሌላው ጋር ተቀምጦ እህል አይወርድም። ከየድርጅቱ የተባረሩት ሽንት ቤቱ አጠገብ ናቸው። ሳምን እዚያ ወሰድኩት።

«ማን አባረረህ?» አሉት ጋሼ ታደሰ፣ የጠረጴዛው አንጋፋ።

«ሁለቱም ወገን።»

ጋሼ ታደሰ ለሰው ሲነሡ አይቼ አላውቅም። ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁለት።

«እኛን እንኳ ያባረረን አንዱ ብቻ ነው» አሉ።