የተምች ሞግዚት

የዘር ማሽላችንን በላነው። ያስበላሁት እኔ ነኝ።

የማያውቅ ሰው ጠይቆ ያድራል፤ አዋቂም ሲያውቅ ዝም ይላል። መሀል ላይ የቀረውን፣ እንደ እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረሰውን፣ ማን ይችለዋል?

ሱዳን ውስጥ፣ ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አያ ደሳለኝ ከሚባሉ የአርማጭሆ ሰው ጋር የአንድ ነጋዴ እርሻ እንጠብቅ ነበር። ጥግ ላይ ቁራሽ መሬት ሰጠን፤ ማሽላ ዘራን። አያ ልጆቻቸውን ካዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በዚያ ምርት አገራቸው ሊገቡ ነው። ቡቃያው ጉልበት ሳይደርስ ተምች ገባና በሦስት ቀን ላጨው። ከዚያ ድንገት ጠፋ። እስላሙ በዱዓችን፣ ክርስቲያኑ በጸበላችን አለ። አያ እንደገና ሊዘሩ የቀረችውን የዘር ጆንያ ፈቱ።

እኔ ግን አንዱን ተምች ከነአፈሩ በወተት ቆርቆሮ አስቀምጬ ነበር። «እኛ ጦም እናድራለን፣ አንተ ተምች ትቀልባለህ?» ብለውኛል አያ። ሠራተኛው የተምች ሞግዚት ይለኛል። ትሉ አፈር ገብቶ የቴምር ፍሬ የመሰለ ቡናማ ነገር ሆነ። ማሳውን ብቆፍር ያው ነገር ሞልቶታል። ጠፋ ያልነው ለካ ከእግራችን ሥር ተኝቷል።

አሁን ከዘራን የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል፣ አዲሱ ቡቃያ ላይ ይፈለፍላል፣ እንጠብቅ አልኋቸው።

«ዝናቡስ ይጠብቀናል?» አሉ። ቆርቆሮውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «እሺ፣ የተማርኸው አንተ ነህ» ብለው ጆንያውን መልሰው አሰሩ።

በዐሥር ቀኑ ግራጫ የእሳት ራት ከቆርቆሮዬ ወጣ። እንዴት ኮራሁ! የማሳውም አመሻሽ ላይ ተነሥቶ በነፋሱ ሄደ። እንቁላሉን ሣር ለሣር ፈለግን፤ አንድም የለ። ስንፈልግ ዝናቡ ቆመ።

በኋላ ሩቅ ካለው ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጣ የሎሪ ሹፌር ተምች እዚያ መግባቱን ነገረን። አወላለዱን አውቄ ነበር፤ መሰደዱን አላውቅም። ድንበር በእግሬ ያቋረጥሁ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋኛል?

አያ አልተቆጡም። «እሱስ አገር ለወጠ» ብቻ አሉ፣ የዘሩን ማሽላ ንፍሮ እየዘገኑ።

እኔም በዓመቱ የስደት መንገዴን ቀጠልሁ። እዚያ የቀሩት አያ ደሳለኝ ናቸው።