«እናየዋለን» የሚሉት የፌርፋክስ ክቡር

መጀመሪያ ያየኋቸው በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መስከረም ላይ ነው። ወይስ በአሥራ ስምንት? መስከረም መሆኑንስ በምን አወቅሁ? ብቻ ምርጫው ተቃርቦ ነበር፤ ክቡር እንግዳ ወልዴ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ያገኙትን እጅ ሁሉ ይጨብጡ ነበር፤ በር ሊከፍት የተዘረጋውንም ጭምር።

በየሰፈሩ «እምቢ» ማለት ያልፈጠረበት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው ሽማግሌ አድርጎ ሚስት ሊያስጠይቅ ይልከዋል። እኛ መርጠን ሳክራሜንቶ፣ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ላክናቸው።

ሰኞ በርረው ሄደው ሐሙስ ይመለሳሉ። ዓርብ ምሳ ሰዓት እኛ ምግብ ቤት ናቸው፤ ግን ተቀምጠው ሲበሉ ያየ የለም። ከዚህ ጠረጴዛ ጉርሻ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ጉርሻ፣ አንድ እግራቸው ሁልጊዜ ደጅ ነው። የእህቱ ቪዛ የዘገየበት ይይዛቸዋል፤ ቪዛ የዋሽንግተን ጉዳይ መሆኑን ማንም አይነግረውም። ፓርኪንግ የተቀጣውም ይይዛቸዋል። ታክሲ ነጂው ዮፍታሄ አንድ ጊዜ ከሚስቱ እንዲያስታርቁት ለምኗቸዋል። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ «እናየዋለን።» ሞት ራሱ ቢመጣባቸው እንዲሁ ብለው ትከሻውን መታ አድርገው የሚሸኙት ይመስለኛል።

ይህን ጠባያቸውን ፓርቲያቸውም ወዶታል። ምክር ቤቱ ውስጥ በየተመራጩ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴው ለድጋፍ፣ ቀዩ ለተቃውሞ። ክቡርነታቸው ተጫኑ የተባሉትን ሲጫኑ ኖረው የኮሚቴ ሰብሳቢነትና መናፈሻ የሚያሳይ ሰፊ ቢሮ አገኙ። ለሴኔት ሲወዳደሩም ፓርቲው ከጎናቸው እንደሚቆም ቃል ተገባላቸው።

ባለፈው ዓመት እትዬ ሣህሊቱ እጅጌያቸውን ያዙ። ባላቸው ስትሮክ ጥሏቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ እቤት ስለሚያስታምሟቸው ስቴቱ በሰዓት ይከፍላቸዋል። በአዲሱ በጀት ሰዓቱ ሊቀነስ ነው ተብሏል።

«ስማ እንግዳ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ሰዓቱን ከቆረጡብኝ እኔ ሥራ ፍለጋ እወጣለሁ፣ እሱ ነርሲንግ ሆም ይገባል። እዚያ ማን አማርኛ ያወራዋል? እናየዋለን አትበለኝ። ለማየትማ እኔም ዓይን አለኝ።»

ክቡርነታቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ድምፅ በተሰጠበት ቀን ፓርቲው አረንጓዴ አለ። ቅነሳው በሁለት ድምፅ ወደቀ፤ አንደኛው ቀይ የእሳቸው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ከሰብሳቢነቱ ተነሡ፤ ዕቃቸውም ምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ወዳለችው ትንሿ ክፍል ተጋዘ። አስቸጋሪ ተመራጭ የሚቀጣባት እሷ ናት፤ ባለጉዳይ ሲገባ ጸሐፊዋ ትወጣለች አሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ ዮፍታሄ ከወዲያ ጠረጴዛ፣ «ሶ፣ ክቡርነትዎ፣ ሴኔቱ ካንስል ሆነ?» አላቸው።

«ክፍሏ ምን አላት?» አሉ። «ከወንበሬ ሳልነሣ በር እከፍታለሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ስንት ዓመት በእኚህ ሰው ጉርሻ እያላገጥሁ ኖሬ፣ ያን ቀን ሳቅ አልመጣልኝም። ቀዩን ሲጫኑ ምን እያሰቡ እንደነበር ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ለምጽፍበት ጋዜጣ አይደለም፤ ለራሴ ነው። በሕይወቴ ስንቱን አረንጓዴ እንደተጫንሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

የጎረስሁትን እስክውጥ ድረስ አንዲት ሴት ፖስታ ይዛ ገባች፤ የወንድሟ ቪዛ ነው። ክቡርነታቸው ክንዷን ይዘው፣ ጉዳዩን እያስጀመሯት፣ አብረው ወጡ። ቀና ስል መንገዱን ተሻግረዋል።