ስም የወጣለት ዶሮ

ለምትበሉት ነገር ስም አታውጡ። ምክሬ ይቺው ናት፤ የቸኮለ ካለ እዚህ ላይ ትቶኝ መሄድ ይችላል። አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። ለበዓል የተገዛ በግ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲጮኽ ይሰነብታል፣ ልጆች ሣር ያበሉታል፣ ቀንዱን ይዘው ይታገሉታል፣ «በጉ» ከማለት በቀር ግን ማንም ሌላ ስም አይጠራውም። ገበሬውስ ቢሆን? በሬውን ስም አውጥቶለት፣ አሞግሶት፣ ዘፍኖለት ያርስበታል፤ ያረጀ ቀን ግን ገበያ ያወጣና ለማያውቀው ሰው ይሸጠዋል፤ ከዚያ በገንዘቡ ስሙን የማያውቀውን ከብት ሥጋ ገዝቶ ይበላል። እኔ ይህን ጥበብ የተማርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከአንድ አውራ ዶሮ።

የምኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠርቻለሁ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ደግሞ መብራቱ በፈረቃ ሆነ። ፈረቃ ከእኔ መለየት አልሆንለት ብሎ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ የመጣ ይመስለኛል። መቼም ጡረታ የወጣ ሰው ሰፈር ውስጥ ሥራ አያጣም፤ ለእኔ የደረሰኝ ቢላዋ ነው። እንደምታውቁት በእኛ ቤት ሴት ዶሮ አታርድም። ገንጥላ፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ አሥር ጊዜ አጥባ፣ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ውላ የዶሮ ወጥ የምታደርገው እሷ ናት፤ አንገቱን ቆርጦ የሚሰጣት ግን ወንድ መሆን አለበት። የሰፈሬ ወንዶች ደግሞ በበዓል ዋዜማ ግማሾቹ ፈረቃ ላይ ናቸው፣ ግማሾቹ መኪና ላይ። ስለዚህ ሴቶቹ ዶሯቸውን አንጠልጥለው እኔ ደጅ ይሰለፋሉ። «ጋሼ ተስፋዬ፣ ይባርኩልኝ!» እባርካለሁ። «በስመ አብ» ካልኩ አንድ ጊዜ ነው። በዚህ እጄ እኮራ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ጫጩቶቹን የገዛኋቸው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ልጃችንን ሰናይትን ከዳርን ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር፤ እኔና ባለቤቴ ዘነበች በቀን አሥር ቃል ከተነጋገርን ብዙ ነው፤ ከአሥሩም ሰባቱ «ጨው አንሶታል?» እና «አላነሰውም» ናቸው። አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር አንድ ወጣት በካርቶን ሙሉ የፈረንጅ ጫጩት ይዞ አገኘሁ። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ቢጫ ናቸው፣ ይንጫጫሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሴት ናቸው ወንድ?» አልኩት።

«ሁሉም ሴት ናቸው አባቴ! በሁለት እጅዎ እንቁላል ሲለቅሙ ይታየኛል።»

የአንድ ሳምንት ጫጩት ፆታ ዓይቶ የሚለይ ሰው እንዴት አስፋልት ዳር ይቆማል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ስድስት ገዛሁ። ዘነበች ካርቶኑን ከፍታ አየችና «እነዚህ እኮ ለመሞት ነው የተፈለፈሉት» ብላ ዘጋችው። ወዲያው ግን መልሳ ከፈተችው። አየር እንዲያገኙ ነው አለች።

መኝታ ቤታችን ውስጥ አምፖል ዝቅ አድርጌ ካርቶኑ ላይ ሰቀልኩላቸው። ዘነበች ፊቷን በነጠላ ሸፍና መተኛት ለመደች። ችግሩ መብራቱ ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ ጥፍት! ከሰል እናያይዛለን፣ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን በካልሲ ጠቅልለን መሀላቸው እናስተኛለን። አንድ ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ አልመለስ አለ፤ ፀሐይዋም አኩርፋ ዋለች። አንዷ ሞታ አገኘናት። አንዱ ደግሞ፣ ከሁሉም ኮሳሳው፣ በጎኑ ተጋድሞ ዓይኑን ከደነ። አንስቼ ሸሚዜ ውስጥ ከሹራቡ ሥር ከተትኩትና ከወንበሬ ሳልነቃነቅ ቁጭ አልኩ። ከሰዓት በኋላ የዕድራችን ጸሐፊ ለስብሰባ ሊጠራኝ መጣ። ስናወራ ስናወራ ደረቴ ጭው ጭው ማለት ጀመረ። ሰውየው ጆሮውን አዘንብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ደረትዎ ያፏጫል፤ ሐኪም ቢያዩት አይሻልም?» አለኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም! ሰው ደረቱ አፏጨ ሲባል እንደዚያ ሲደሰት ጸሐፊው አይቶ አያውቅም።

ከቀሩት አምስት አንዷን ድመት በላት። ሦስቱ ቆንጆ እንቁላል ጣዮች ወጣቸው። ያ ከደረቴ የወጣው ግን ጉትዬውን ቀላ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ አንድ ማለዳ ጮኸ። እሱም «ሁሉም ሴት ናቸው» ከተባሉት አንዱ ነበር እንግዲህ። ነጭ ነው። ሦስቱን ዶሮዎች ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ሲቆጣጠር፣ የሚጭሩትን ገልመጥ አድርጎ ሲያይ፣ የድሮ ፎርማኔን አስታወሰኝ። ያን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልወደድኩትም። ዶሮውን ግን «ፎርማን» አልኩት። ስም ማውጣት ማለት ይኼ ነው፤ ያለቀልኝ ያኔ ነው።

ፎርማን ሱቅ ስሄድ እስከ በሩ ይሸኘኛል፣ ስመለስ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ማለዳ ልክ የመጀመሪያ ፈረቃ በሚገባበት ሰዓት ይቀሰቅሰኛል፤ ተነስቼ የምሄድበት ባይኖርም የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። ዘነበች እንኳ እንጀራ ፈርፍራ ስትሰጠው አገኘኋት። «እንዳይጮኽብኝ ብዬ ነው» አለች። አፉ ሞልቶ ሳለ መቼ ጮኸ! ከምኑም ከምኑም፣ በቤታችን ውስጥ ወሬ ተመለሰ። የማታ ጨዋታችን ሁሉ ፎርማን ዛሬ ምን አደረገ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ሰናይት ደወለች። ባሏ ዳንኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ፋሲካን እኛ ቤት ሊውል ነው። አማች! ስልኩን ተቀበልኩና፣ ምላሴን በቆረጠው፣ «ና ልጄ! በእጄ ያሳደግኩትን ዶሮ ነው የማበላህ!» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ዘወር ስል ፎርማን ደፍ ላይ ቆሟል። ዘነበችም ከኋላው። ሁለቱም አዩኝ።

ሁዳዴ እንደ ምንም አለቀ። ጾም መሆኑን ማን ይንገራቸው፣ ዶሮዎቹ ሲጥሉ ከርመው ቅርጫቱ በእንቁላል ሞልቷል። ቅዳሜ ሹር ማለዳ ዘነበች ሽንኩርቱን ጣደች። «በል፣ የሰናይት አባት» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር፤ ሽንኩርት ነው ዓይኗን ያስለቀሳት። ሰልፈኞቹ ሳይመጡ ብዬ ቢላዋዬን ስዬ ጓሮ ወጣሁ። ፎርማን ሳልጠራው መጣ። የቢላዋውን እጀታ ነካ ነካ አደረገና የሚበላ ነገር ሲያጣበት ጉልበቴ ላይ ወጣ። ከዚያ አንገቱን በሹራቤ አንገት በኩል አስገብቶ፣ ያን የድሮ ቦታውን መፈለግ ጀመረ። አሁን አይበቃውም። እሱ ግን ይበቃኛል ብሎ ይገፋል።

እጄ ከዳኝ። ስንት ዶሮ የባረከ እጅ ቢላዋውን ማሳረፍ እምቢ አለ። አክፋይ ስለሆንኩ ነው፣ ርሃብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እጄ ግን ሰምቶ አልታዘዘም። ያን ጊዜ ነው የገበሬው ብልሃት ትዝ ያለኝ። «ዘነበች፣ ይሄ ዶሮ ሥጋ የለውም፤ ለውጬው ልምጣ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ሂድ» አለች። 

አቃቂ ገበያ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ «ጋሼ ተስፋዬ የራሱን ዶሮ ማረድ አቃተው» ከምባል ብዬ ቄጠማዬን ራሴ ላይ እንዳሰርኩ፣ ፎርማንን ብብቴ ሥር ይዤ፣ በታክሲ ሳሪስ ገበያ ሄድኩ። አንዱን ዶሮ ነጋዴ «ይሄን ነጭ ወስደህ ቀይ ትሰጠኛለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ ቀለሙ የታዘዘብዎ ነገር ነው?» አለኝ። ጠንቋይ ቤት የምመላለስ መሰልኩት! በቅዳሜ ሹር! እግዚኦ እያልኩ ዘወር ስል አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ነጠላዋን አሸርጣ ዘንቢል የያዘች ሴት ተከትላኝ መጣች። ዘንቢሉ ውስጥ ወፍራም ቀይ አውራ ዶሮ ተቀምጧል።

«አባቴ፣ ሲናገሩ ሰማሁ» አለች፤ «ቀይ ከፈለጉ የእኔን ይውሰዱት። ነጩን ይስጡኝ።»

«ምን ጎድሎት ነው የምትለውጪው፣ እህቴ?»

«ምንም አልጎደለውም። የእርስዎስ?»

«ምንም።»

ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ተለዋወጥን። ፎርማንን ስሰጣት «በክንፉ አታንጠልጥዪው፣ አይወድም» ማለቴ አልቀረም። እሷ ደግሞ «ያ... ድንች ቅቅል ይወዳል» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይኼን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። ታክሲ ውስጥ ቀዩ ዶሮ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ሲወስደውም አልነቃሁም።

ቤቴ ስደርስ ሰልፉ በሩ ላይ ነው። የሁሉንም ባረክኩላቸው፤ ዶሮዎቹን ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። በመጨረሻ የራሴን ቀይ እግሩን ፈታሁለትና ውሃ እስካመጣ ጓሮ አስቀመጥኩት። ስመለስ የለም። ግቢውን ዞርኩ፣ አጥር ሥር አየሁ፣ የለም። ቤት ስገባ ጌታው ሶፋችን ላይ ወጥቶ፣ እግሩን አጥፎ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። ዘነበች ከማዕድ ቤት ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«ይሄን ልጆች ናቸው ያሳደጉት» አለች።

ቢላዋውን መሶቡ ላይ አስቀመጥኩ። ለካ ሁለት ሞኞች ሳሪስ ድረስ ሄደን ኀዘናችንን ተለዋውጠን ነው የተመለስነው! ያን ሰዓት ፎርማን የት ይሆን፣ አልቆለት ይሆን እያልኩ ሳስብ እንባዬ መጣ። ለዶሮ? አዎ፣ ለዶሮ።

አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። «ዶሮ የሚባርኩ አባት እዚህ ግቢ አሉ ተብዬ ነበር፤ እኔ ቤት ወንድ የለም፣ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት...» ብላ ሳትጨርስ ቆመች። ያቺው ሴት ናት። ቤቷ ለካ ከፋብሪካው ጀርባ ነው፣ በእግር አሥር ደቂቃ፤ እሷም ከሚያውቃት ሰው ሸሽታ ነው ሳሪስ የሄደችው። ዘንቢሏ ውስጥ ያለው ፎርማን እኔን ሲያይ ክንፉን አራገፈና ዘሎ ወርዶ እግሬ ላይ ቆመ።

ሴትየዋ እሱን አላየችም። እኔን ነው የምታየው፤ እጄን፣ ልብሴን፣ ደም እንዳለበት። የሰፈሩ ዶሮ ደም ነው፣ ግን እሷ በምን ታውቃለች?

«ባርከውታል?» አለች። «ልጆቼ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄደ ብያቸዋለሁ።»

ዘነበች ከውስጥ «ኧረ አለ! ግቢ እህቴ፤ ቴሌቪዥን እያየ ነው!» አለች።

ሴትየዋ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ብርቄ ነው ስሟ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተሰብ ናት። ገበያው ተበትኗል፣ ሽንኩርቱ በስሏል፣ አማች ነገ ይመጣል፣ በሁለት ቤት አንድም የሚታረድ ዶሮ የለም። ዘነበች ቁሌቱን ለሁለት ድስት ከፈለችው፤ ያንን የሁዳዴ እንቁላል ቅርጫት አውጥታ እሱንም እኩል አካፈለች። ብርቄ በአንድ እጇ ድስቱን፣ በአንድ እጇ ቀዩን ይዛ ከገጠር እንደተመለሰ ልትነግራቸው ሄደች።

ዳንኤል በማግሥቱ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እንቁላሉን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በላ። ከዚያ ብልት ቢፈልግ ቢፈልግ አጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ ያ በእጄ አሳደግኩት ያሉኝ ዶሮስ?» አለኝ።

«ያውልህ» አልኩት። ፎርማን በሩ ላይ ቆሞ ወጥ ቤቱንም፣ እንግዳውንም ገልመጥ እያደረገ ይቆጣጠራል። ዳንኤል ትንሽ አየው፣ እሱም አየው፤ ከዚያ ቁራሽ እንጀራ ወርወር አደረገለት።

«ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ይኸው ሦስተኛ ፋሲካችን ነው፤ ልጁ ዶሮ የሚባል ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።