የፖርታላችን አልቃሽ

ሰው በቁሙ የረገመውን ሲሞት ያለቅስለታል፤ ይህ የታወቀ ነው። ይህንኑ ጠባይ ግን እንደ ሙያ ይዘው፣ ተክነውበት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አለቃም ይሁን የአውቶቡስ መሥመር ወይም የበር ቁልፍ፣ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ሙሾ ያወርዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም፤ የሌለበት ሰፈርም የለም። የእኛን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለፖርታሉ ክብርት አልቃሽን አድሎት ነበር።

ክብርት አልቃሽ የዶርም ጓደኛዬ ነበረች። ማዕረጉን የሰጠናት እኛ ነን፤ እሷም ሳትቀየም ተቀበለችው። በዚያ ዘመን ምዝገባውም፣ ውጤቱም፣ የመኝታ ድልድሉም ፖርታል በተባለው የኢንተርኔት ገጽ በኩል ብቻ ነበር። ገጹ የፈቀደለት ይማራል፣ የነሣው ደጅ ይጠናል።

የመጀመሪያው ፖርታል አረንጓዴ ነበር። ፓስዎርድ ሲጽፉለት አንዲት ክብ ያሽከረክራል፤ ክቧ ዞራ እስክትጨርስ ሻይ ይፈላል፣ ይጠጣል፣ ብርጭቆውም ይታጠባል። አልቃሽ ያኔ "ይህን የሠራ እጁ ይሰበር!" ትል ነበር።

አንድ ማለዳ ብንከፍተው ሰማያዊ ሆኗል። "ለእርስዎ ምቾት ሲባል ተሻሽሏል" ይላል። የውጤት ገጹ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። አልቃሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"አይ አረንጓዴው! የድሮው በስንት ጣዕሙ!"

"ትናንት እጁ ይሰበር ስትዪ አልነበር እንዴ?" አልኳት።

"ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ። ቀርፋፋ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። ቢዘገይም ያስገባል። ይኼኛው እኮ ፈጥኖ ነው የሚያባርርሽ!"

እውነቷን ነበር። ሆኖም ሰማያዊውም ዕድሜ አልሰጠውም፤ ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ ነጩ ተተካ። ነጩ ሰው አያምንም። ለመግባት የምስጢር ቁጥር የሚልከው ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ወደጣልነው ስልክ ነው።

"ሰማያዊዬ!" አለች አልቃሽ ደረቷን ይዛ። "ቢያባርረኝም በስሜ ጠርቶ ነበር የሚያባርረኝ። ይኼ 'ተጠቃሚ' ይለኛል። ምኑን ተጠቀምኩት?"

አቤቱታችንን ይዘን ሬጅስትራር ስንሄድ፣ ጸሐፊው መስኮቱን ገርበብ አድርጎ "ሲስተሙ ነው" ይለናል።

"ጋሼ፣ ይኼ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ቤቱ የት ነው? ሄደን እግሩ ላይ እንውደቅ" ትለዋለች። ጸሐፊው አይስቅም። መስኮቱን ይዘጋል።

በነጩ ዘመን እኔ ለመመረቅ አንድ ኮርስ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ፣ ለዕለቱ የምትለብሰውን እንኳ አሰፍታለች። ምዝገባው ተከፈተ ሲባል ሮጬ ብገባ "ክፍሉ ሞልቷል" የሚል ቀይ ጽሑፍ ጠበቀኝ። ኮርሱ ደግሞ በዓመት አንዴ እንጂ አይሰጥም።

አልቃሽ ለዚሁ ኮርስ ተመዝግባለች። ለእሷ ግን ያን ያህል አያጣድፋትም፤ የአምና ውጤቷ በማሻሻያው መካከል ጠፍቶ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባት ስለነበር፣ ዘንድሮ እንደማትመረቅ ቁርጧን አውቃለች።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ" ብላ ጎትታ ኮምፒውተር ክፍል አስገባችኝ። "እኔ ልውጣ፣ አንቺ ግቢ።"

"አብደሻል? እንደወጣሽ ብትቀሪስ?"

"ዝም ብለሽ ጣትሽን አዘጋጂ።"

ጎን ለጎን ተቀመጥን። "ሰርዝ" የሚለውን ተጫነች፤ ስሟ ከዝርዝሩ ጠፋ። እኔም ትንፋሼን ውጬ "ተመዝገብ" የሚለውን ተጫንኩ። ገጹ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጥርግ ብሎ ጠፋና አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረች፦ "ለእርስዎ ምቾት ሲባል በመሻሻል ላይ ነን።"

ተሻሽሎ ሲመለስ ብርቱካናማ ሆኗል። ምዝገባውም ተዘግቷል። እሷ ወጥታለች፣ እኔ አልገባሁም፤ በለቀቀችው ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጸሐፊው መስኮቱን ገርበብ አደረገ። "ሲስተሙ ነው" አለ።

አልቃሽ ለነጩ ሙሾ ታወርዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቃል አልወጣትም። እኔ ዶርም ገብቼ ስልኬን እያገላበጥኩ ለእናቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ደወልኩ፤ "ሃሎ" ስትል ግን ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። አልቃሽ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ጓደኛዋ ነኝ። ልጅዎ ዘንድሮ አትመረቅም። ጥፋቱ ግን የሷ አይደለም፤ ቦታዋን የያዝኩባት እኔ ነኝ።"

ስልኩን ልነጥቃት ብታገልም በክርኗ ገፋችኝ።

"አንቺስ ልጄ?" አለች እናቴ። "አንቺ ትመረቂያለሽ?"

"አይ፣ እማማ። እኔም ቀርቻለሁ።"

"እንግዲያው ደግ፤ ብቻዋን አልቀረችማ። ለከርሞ መጥቼ ሁለታችሁንም አያለሁ።"

ክብርት አልቃሽ ያን ሁሉ ዓመት ለገጽና ለቀለም ስታንጎራጉር አንዲት ዘለላ እንባ አይቼባት አላውቅም። ስልኩን የመለሰችልኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።