ጋሼ ፌሮና የአገር ጤና

የራሱ ኢኮኖሚስት የሌለው ሰፈር የለም። ቢሮ የለው፣ ደመወዝ የለው፣ ጠያቂም የለው፤ መልስ ግን ሞልቶታል። አንዱ የአገርን ጤና በታክሲ ሰልፍ ይለካል፣ ሌላው በልብስ ሰፊው ወረፋ። የእኛ ሰፈር ሊቅ፣ ክቡር ጋሼ ፌሮ ግን፣ ከብረት በቀር የሚያምኑት ነገር የለም።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ከብረት ጋር ያላቸው ዝምድና የበር ቁልፍ ከመያዝ አያልፍም። ይሁን እንጂ የአገሩ የብረት ፋብሪካ ትርፍ በሬዲዮ ሲነገር በቤታቸው ማንኪያ እንኳን አይንኳኳም። "ፋብሪካው አተረፈ ማለት ሰው እየገነባ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚገነባው ነገን ሲያምን ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው።

ለሁሉም ነገር መልሳቸው "መጀመሪያ ብረቱን እንየው" ነው። ልጅ ተወለደልኝ ብዬ በደስታ ስነግራቸው አቅፈው ሳሙኝና ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። "ምነው ትንሽ ቢቆይ ኖሮ! ፋብሪካው እኮ ሰሞኑን ከስሯል።" ጉንፋን ጥሎኝ ሊጠይቁኝ ሲመጡም ግንባሬን ዳሰስ አደረጉና ብረት ስለሚቀልጥበት ምድጃ ማውራት ጀመሩ። ወሬው ሳያልቅ በላብ ተጠምቄ ዳንኩ።

ስማቸው የወጣው ከጣራቸው ነው። ቤቱ ሲሠራ ለወደፊቱ ፎቅ ተብለው የተተዉ የኮለን፣ ማለትም የምሰሶ፣ ፌሮዎች እስከ ዛሬ ወደ ሰማይ እንደቆሙ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ የልብስ ገመድ አስረውባቸዋል። ፎቁ ግን የለም። ብረት ሲያተርፍ ጋሼ ፌሮ፣ "አገር ደህና ናት፤ ግን ፌሮ ተወዷል፣ ይርከስ" ይላሉ። ሲከስር ደግሞ፣ "ፌሮስ ረክሷል፤ ግን አገር ታማለች፣ ትዳን።" እንዲህ እያሉ ብረቱ ዛገ፣ ጋሼም ሸበቱ።

አምና አንድ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ሙሽሮቹ የተመኙት ፎቁን ነበር። ካልተሠራ ግን ከተማው ዳር፣ አውቶቡስ ቀያይረው የሚደርሱበት ቤት ሊከራዩ ነው። እትዬ ልብስ ባሰጡ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ልጅቷ ከራቀች ቤቱ ባዶ መሆኑ ነው። ጋሼ ፌሮ ሬዲዮናቸውን ጠበቁ። ዜናው መጣ፤ ፋብሪካው ከስሯል፣ ያውም ክፉኛ።

"በቃ፣ ዘንድሮ አይሆንም። አገር ታማለች" አሉ። መሰላል ልዋስ ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። "አባዬ፣ ሁሉም እንዳንተ ቁጭ ብሎ ከጠበቀ ፋብሪካው ከማን ያተርፋል?"

እኔ ሳቄን መሰላሉ ጀርባ ደበቅኩ። "እስቲ ላስብበት" አሉና ጋሼ ፌሮ ሬዲዮውን ዘጉ።

ብዙም ሳይቆይ ፌሮ የጫነ መኪና መንገዳችንን ዘጋው። ጋሼ ፌሮ ከሾፌሩ ጎን ተሰይመው፣ "መድኃኒቱን ይዤ መጣሁ!" እያሉ ለአላፊ አግዳሚው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሰላም አጣ፤ መዶሻው አንድ በኩል፣ የአርማታ ማቡኪያው ሌላ በኩል። ከሁሉም በላይ ያማረርኩት እኔ ነበርኩ። የፎቁ ወለል ሶሌታ በአርማታ በተሞላበት ቀን ግን እጅጌዬን ሰብስቤ ባልዲ ሳቀብል ዋልኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅ።

ፎቁ አለቀ። ግንበኛው ከአዲሱ ጣራ በላይ የተረፉትን ፌሮዎች ሊቆርጥ መጋዙን ሲያነሳ ጋሼ ፌሮ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ።

"ተው! እንዳትነካው!"

"ጋሼ፣ ሥራው እኮ አለቀ።"

"የልጅ ልጅስ? እሱ የት ሊኖር ነው?"

እትዬ ከኋላቸው ገመዱን ይዘው ደርሰው ነበር።

ስቀልድባቸው እንደቆየሁ አውቃለሁ፤ ግን እወዳቸዋለሁ። ዛሬ ሰው ስለ አገር ጤና ሲጠይቀኝ ሬዲዮ አልከፍትም። በመስኮቴ አሻግሬ የጋሼ ፌሮን ጣራ አያለሁ። ሰሞኑን ገመዱ ላይ የተሰጣው የሕፃን ልብስ ነው። ደህና ነን።