የአባዬ ታክሲ ቤት ሲገባ

[ቡራዩ፣ አንድ ጌም ቤት። ባለቤቱ ጃዕፈር፣ ዕለት ዕለት እንደሚያደርገው፣ አባቱ የሠሩትን ባለ ሳንቲም የጌም ማሽን መስታወት በእጅጌው ይወለውላል። እህቱ ሩዋይዳ የማሽኑን የታክሲ ጌም ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን እንዲጫወቱት አድርጋ አዘጋጅታዋለች።]

ጃዕፈር፦ ይኼ የአባዬ ጌም አይደለም! አበላሽተሽዋል!

ሩዋይዳ፦ የቱ ጋ?

ጃዕፈር፦ ሦስተኛው ድልድይ ላይ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥሩንም ሰዓት አልቆ ታክሲው ወንዝ ገባ።

ሩዋይዳ፦ መመሪያውን አንብበሃል?

ጃዕፈር፦ እኔ? ስድስት ዓመት የቡራዩ ሻምፒዮን ሆኜ? መመሪያ ለጀማሪ ነው።

ሩዋይዳ፦ እሺ... እኔ ቶሎ አይገባኝም። አንተ ድልድዩን እንዴት ነው የምታልፈው?

ጃዕፈር፦ በችሎታ! እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም። ጌሙን ልትገዛን የመጣችው ሲድራ ልክ እንደ ማሽኑ ካልሆነ አልገዛም ብላለች። ያንድ ዓመት ልፋታችን ካንቺ ድልድይ ላይ ወንዝ ሊገባ ነው!

ሩዋይዳ፦ እስቲ ማሽኑ ላይ አሳየኝ፣ ልማር።

ጃዕፈር፦ [እየተጫወተ] እይ! ኩርባ... ፍሬን... እዚህ ጋ ስደርስ ጎረቤታችን ኦቦ ዲሪርሳ እንኳ ቆመው ነው የሚያጨበጭቡልኝ... ድልድዩ መጣ...

[ማሽኑን በጉልበቱ ጓ! ያደርገዋል። ሰዓቱ ይቆማል፤ ታክሲው ይሻገራል።]

ጃዕፈር፦ አየሽ?

ሩዋይዳ፦ አየሁ። ጉልበትህ ምን ሊሠራ ሄደ?

ጃዕፈር፦ የቱ ጉልበት?

ሩዋይዳ፦ ቀኙ።

ጃዕፈር፦ እሱ... አቋቋም ነው።

ሩዋይዳ፦ ውስጡ የላላ ሽቦ አለ፤ ሲመታ ሰዓቱ ይቆማል። ቤት ውስጥ ግን የሚመታ ማሽን የለም።

ጃዕፈር፦ [ወደ በሩ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሩዊ፣ የእናቴ ልጅ፣ ሁሉንም አስገቢ፣ ይቺን ብቻ ተያት። ሰው ከሰማ በምን ዓይኔ ነው ቡራዩን የማየው?

ሩዋይዳ፦ ዘገየህ። ሲድራ ጠዋት ሞክራ ገዛችው።

ጃዕፈር፦ ገዛችው? አላልኩሽም! ግን... ድልድዩን እንዴት አለፈችው?

ሩዋይዳ፦ መመሪያውን አንብባ።

[ቴሌቪዥኑ ላይ ገጹን ትከፍትለታለች። ራሷም ታነብለታለች።]

ሩዋይዳ፦ «ሦስተኛው ድልድይ ላይ ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ፤ ጃዕፈር ማሽኑን በጉልበቱ ይመታልዎታል።»